የገበያው ቦይና የጎዶማው ሲሚንቶ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2፣ ጠዋት

የልብስ ሱቄን ከፈትኩ። መሻገሪያው ሳንቃ ዛሬም ቦታው የለም። አንዱ አንስቶታል። ደንበኞች ከቦዩ ማዶ ቆመው ያዩኛል፣ እኔም አያቸዋለሁ። መሃላችን ጉድጓድ። አንዲት ሴት ከዚያው ሆና ቀይዋን ሺቲ ቀሚስ በጣቷ አሳየችኝ። ዋጋውን ጮኼ ነገርኳት። ሳቀችና ሄደች።

ቦዩ ከተቆፈረ ወዲህ ኑሯችን ይኸው ነው። የጎርፍ መውረጃ ይሆናል ብለው የገበያውን መንገድ ዳር ቀደዱት። ከላይ በኩል ጥቂቱን ገነቡ፤ እኛ ሱቆች ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ኮንትራክተሩ ማሽኑን ጭኖ ጠፋ። ሲሚንቶ አለቀ ተባለ። ዝናቡ ደግሞ ደጅ ላይ ነው፤ ከሰዓት ሲሆን ሰማዩ ይከብዳል።

ሥራውን የሚቆጣጠረው ማን ነው? የኔው ባል፣ ጉዮ። (ከዚህ ወዲያ ጉ. ነው የምለው።) የከተማው ሥራዎች መ/ቤት ውስጥ መንገድና ቦይ የሱ ነው።

ጉ. አማርኛ ይሰማል እንጂ ፊደል አይቆጥርም። ልጄ ሃሊማም የተማረችው በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። ከኢትዮጵያው ሞያሌ ወደ ኬንያው ተድሬ ስመጣ ይዤው የተሻገርኩት ፊደል እዚህ ቤት የሚያነበው የለም። ስለዚህ ላንቺ፣ ለደብተሬ፣ መናገር እችላለሁ።

ራህማ፣ ጎረቤቴ፣ ባለ ፕላስቲክ ዕቃዋ፣ ዛሬ ሻይ ጠጪ ብላ አልጠራችኝም። ሁልጊዜ ትጠራኝ ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4፣ 12 ሰዓት

ጉ. ገባ። ጫማው ነጭ አቧራ ለብሷል። የሱሪው ጫፍም። አሻሸሁት፤ የመንገድ አቧራ አይደለም። የመንገዱ ቀይ ነው። ይኼ ሲሚንቶ ነው።

የት ዋልክ አልኩት። ቢሮ አለኝ። ቢሮ! ሲሚንቶ ካለቀ ስንት ጊዜው ነው?

ስልክ ሲደወልለት ግቢ ወጥቶ ነው የሚያነሳው። በቦረንኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ድሮ ምግብ እያኘከ ነበር የሚያወራው።

ራህማ በመጨረሻ አፏን ከፈተች። የኔ ነገር አሳዝኗት እንደሆነ ምላለች፣ ልቤ ግን አላመናትም፤ ስትናገር ፊቷ በራ። የጉ. ሞተር ከከተማው ወጣ ብሎ ጎዶማ መንደር ደጋግሞ ታይቷል። ሰው ሁለት ነገር ነው የሚለው። አንዱ፣ ሲሚንቶውን እሱና ኮንትራክተሩ ተካፍለው በልተውታል። ሁለተኛው፣ ጎዶማ ልጅ እግር ሚስት አግብቷል። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ።

የትኛው ይሻለኛል? እንጃ። ሻይዋን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ዲራማ ቦዩ ውስጥ ወደቀች። ከጎዶማ የግመል ወተት የምታመጣልን ሴት ናት። ሁለት ጄሪካን ይዛ፣ ሰው መልሶ በጣለው ሳንቃ ስትሻገር ሳንቃው ዞረ። አየኋት። ከሱቄ በር ላይ ሆኜ ስትሄድ አየኋት፣ ወዲያው የለችም። ከዚያ ጩኸቷ።

ሰዎች ወርደው አወጧት። እግሯ ከጉልበት በታች ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። ወተቱ ከጭቃው ጋር ተደባልቆ። ሌሶ ጨርቅ ከመደርደሪያ ስቤ አለበስኳት። ያኔ ነው ከኋላ አንዱ የጮኸብኝ፦ «ሺሞ ላ ብዋና ያኮ!» የባልሽ ጉድጓድ ነው ማለቱ ነው። ማንም ዝም በል አላለውም። ራህማም አላለችም።

ለጉ. ስነግረው ተቀመጠ። እህል አልቀመሰም። ጥፋተኛ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው? ወይስ ያዘነ ሰው? አሥራ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ መለየት አቃተኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ሆስፒታል ሄድኩ። የዲራማ እግር በጄሶ ታሽጓል። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ እሷን የያዛት ግመሎቿን ማን ያልባል የሚለው ሐሳብ ነው። ጭራሽ አመሰገነችኝ። ባልሽ ለኛም ሊያስብልን ነው አይደል፣ ጎዶማ ምን ሊሠራልን ነው፣ ብላ ጠየቀችኝ። ምኑን አልኳት። የጭነት መኪና አኮ ግቢ ሲሚንቶ ሲያራግፍ አይታለች፤ ጉ. ራሱ ቆሞ።

አኮ የጉ. አክስት ናት። አሮጊት ስለሆነች ሁላችንም አኮ፣ አያት፣ እንላታለን።

ፈገግ ለማለት ሞከርኩ። እንጃ ሲጨርስ ይነግረናል አልኳት። ውሸታም አደረገኝ፣ አየሽ? የሆስፒታሉን በር አልፌ አጥሩን ይዤ ቆምኩ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9፣ ከሰዓት

ሱቅ አልከፈትኩም። ቦዳቦዳ፣ የኪራይ ሞተር፣ ይዤ ጎዶማ። ነጂው ልጅ ሲጋልብ አንዴም ፍሬን አልያዘም። መንገዱን ሙሉ አንዲት ወጣት ሴት በሩ ላይ ቆማ ነበር የምትታየኝ። ምን እንደምላት አዘጋጀሁ።

ወጣት ሴት የለም። አኮ ብቻ፣ ከጎኗ ፍየሎች። ስታየኝ ደነገጠች፣ ከዚያ አቀፈችኝ፣ ከዚያ ግቢው ጓሮ ፊት ቆመች። ሰፊ ሴት አይደለችም፤ በጎኗ አለፍኩ።

ሸራ። ሸራውን ገለጥኩ። ሲሚንቶ፣ እስከ ደረቴ ተደርድሮ። ከሥሩ ፌሮ፣ ገና ያልተፈታ ጥቅል። የመንግሥት ሥራ የሚል ቀለም ከረጢቱ ላይ ተረጭቷል። የኛው ቦይ፣ አኮ ጓሮ ተኝቷል።

አኮ እጄን ያዘች። ጉዮ ማንም እንዳያይ ብሏል አለችኝ። ማንም ውስጥ እኔም አለሁ ማለት ነው።

ሚስት ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። እውነቴን ነው።

ያው ዕለት፣ ከመግሪብ በኋላ

ተናገርኩት። ሃሊማን ወደ ጎረቤት ላክኋትና ተናገርኩት። ሌባ አልኩት። የሴትየዋ እግር ባንተ ነው የተሰበረው አልኩት። አልጮኸም። ስጨርስ ውሃ ጠጣና ይኼን ነገረኝ።

የኮንትራክተሩ ሰዎች ሲሚንቶውን ከግቢያቸው እያወጡ ወደ ኢትዮጵያ ሲያሻግሩ ቆይተዋል። የግቢው ዘበኛ ከነሱ ጋር ነው። ጉ. የመጨረሻውን መኪና ድንበሩ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ አገኘው። ሾፌሩ ፈራ። ወደ ግቢው ቢመልሰው በማግሥቱ እንደሚወጣ ስላወቀ ጎዶማ ወሰደው። ለአለቃው በቃል ነግሯል፤ አለቃው ዝም ብለህ አስቀምጠው፣ አጣራለሁ አለው። እስካሁን እያጣራ ነው።

ጥሩ ተረት ነው አልኩት። ማዶ ማን ነው የሚገዛቸው?

ዝም። ደግሜ ጠየቅኩት። ሦስተኛ ስጠይቀው ቀና አለ፦

«ማማ ሃሊማ፣ ወንድምሽን ጠይቂ።»

ከዚያ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ተሻገርኩ። ጀማል ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን እሱ ጋ ናት። ፎቅ እየሠራ ነው፤ ባለፈው መሠረቱ ላይ ቆሜ እልል ብያለሁ። ዛሬ ግን ግድግዳውን ነካሁት፣ ግራጫውን፣ ጠንካራውን። የኛ ቦይ እንዲህ አልተለሰነም።

ይክዳል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልካደም! ሳቀ። ንግድ ነው አለ፣ እኔ ባልገዛው ሌላው ይገዛዋል አለ። ከዚያ ጭራሽ አቤቱታ አመጣ፦

«ባልሽ እኮ ዕቃዬን ይዞብኛል። ንገሪው፣ ይልቀቀው። የት ነው የደበቀው?»

ተናደድኩ። ስናደድ ደግሞ አፌ አይያዝም። ጎዶማ አክስቱ ጋ ነው፣ ጣትህ አይነካውም፣ የሕዝብ ነው አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። ሳቁ ቀረ። እናታችንን ናይሮቢ ያሳከምኳት በምን ይመስልሻል፣ በጸሎት ነው? አለኝ።

እናቴ ከውስጥ ሰምታ እንደሆነ አላውቅም። ስወጣ ግንባሬን ሳመችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችም።

ጉ. እውነቱን ነበር። በአንድ በኩል ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ዓርብ፣ መጋቢት 12፣ 11 ሰዓት

ዘነበ። ከጁምዓ በኋላ ጀመረ፤ እንደ ዝናብ ሳይሆን እንደ ተገለበጠ በርሜል። ከላይ ያለው፣ ተገንብቶ ያለቀው የቦዩ ግድግዳ ተናደ። ሲናድ አየሁት፤ እንደረጠበ ብስኩት ነው የፈረሰው። አሸዋ ነበር፣ ሲሚንቶው ለስሙ። ድንጋዩ የቦዩን አፍ ዘጋው፣ ጎርፉ ወደ ሱቆቹ ዞረ።

ታችኛው መደርደሪያ ሁሉ ጠፋ። ድሪያ ቀሚሶቹ ጭቃ። የራህማ ሳፋዎች እንደ ጀልባ መንገዱን ይዘው ወረዱ። ሁለታችንም ውሃው ውስጥ ቆመን እናያቸዋለን። አለቀሰች። እኔም። እጄን ያዘችኝ፣ ከዚያ ማን እንደሆንኩ ትዝ ሲላት ለቀቀችኝ።

ጉ. ከነልብሱ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ድንጋይ ሲያወጣ ነበር። ሰው ከላይ ሆኖ ይሰድበዋል። እሱ ያወጣል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ፖሊስ ጎዶማ ገባ። በቀጥታ፣ ሳይጠይቅ ሳይፈልግ፣ አኮ ጓሮ። ሸራውን ገልጠው ፎቶ አነሱ። እኩለ ቀን ሳይሆን ፎቶው የከተማው ሰው ሁሉ ስልክ ላይ ነበር። ሃሊማ ናት ያሳየችኝ። አባ ሌባ ነው እንዴ አለችኝ። አይደለም አልኳት። እንዴት አወቅሽ አለችኝ።

ጉ. ተጠራ። ከሥራ ታግዷል። አለቃው ስለ ሲሚንቶው በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም ብሏል። ሰኞ ባራዛ አለ፤ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ይጠየቃል፣ ከዚያ ጉዳዩ ለፖሊስ።

ማን ጠቆመ? ስቀመጥ ስነሳ ይኼንኑ ነው የማስበው። አኮ አትናገርም። ባለ ቦዳቦዳው በር ላይ ጥሎኝ ነው የሄደው፣ ጓሮውን አላየም። ዲራማ ብትናገር ኖሮ ቀድሞ ነበር። ሾፌሩ ራሱን አያስይዝም። ራህማ ቦታውን አታውቅም።

እኔ ግን ለአንድ ሰው ነግሬያለሁ። ረቡዕ። በገዛ አፌ።

ደወልኩለት። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ፣ ይጠራል። ከዚያ ዝግ ነው አለኝ።

ጉ. ቢታሰር ኮንትራክተሩ ነፃ፣ ጀማልም ነፃ። ማምለጫቸው ጠባብ ነበር፣ አልገባኝም ነበር እንጂ። እኔ ነኝ አስፍቼ የሰጠኋቸው።

እሑድ፣ መጋቢት 14፣ ረፋድ

ለጉ. ነገርኩት። ለጀማል ቦታውን የነገርኩት እኔ ነኝ አልኩት። ይጮሃል፣ ይመታኛል፣ ይፈታኛል፣ አንዱን ብዬ ጠበቅኩ። ጠርጥሬ ነበር አለኝ። ብቻ። ለካ እሱም እኔን ሲጠረጥር ነው የከረመው፤ ከወንድሜ ጋር የተባበርኩ መስሎት ነው ያልነገረኝ። አንድ ትራስ ላይ ሁለት ሰላዮች።

በባራዛው የጀማልን ስም አትጠራም ወይ አልኩት። አልጠራም አለ። የሚስቱን ወንድም ከሶ ነፃ ወጣ ከሚባል ይታሰራል። ኩራት ነው? ወይስ ለኔ ብሎ ነው? ተይ፣ ዛሬ እንኳ አልጠርጥረው።

እሑድ፣ 10 ሰዓት

እናቴ ደወለች። ጀማል አጠገቧ ነው፤ ትንፋሹን ሰማሁት። ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ልጅ ሆኖ ሲፈራም እንዲህ ነበር የሚተነፍሰው። እናቴ አለቀሰች። አንድ ሆድ ነው ያወጣችሁ አለች። ኬንያ ውስጥ ስሙ ከተጠራ ከእንግዲህ አይሻገርም፣ ንግዱ አለቀ፣ እኔንስ ማን ይጦረኛል አለች። ባጠባሁሽ ጡቴ ልትል ነው ብዬ ሳስብ አለችው።

ስልኩን ስጪው አልኳት። ትንፋሹ ሲቀርብ እንደያዘው አወቅኩ። ነገርኩት። ነገ ባራዛ ላይ ቆሜ የሆነውን ሁሉ እናገራለሁ፤ ከማን እንደገዛህ፣ ዕቃዬ ብለህ ልቀቅልኝ ማለትህን፣ ቦታውን ማን እንደነገረህ። ከኔ ቀድመህ መጥተህ ራስህ ልትናገር ትችላለህ። ወንበር እይዝልሃለሁ።

ዘጋው።

ለጉ. አልነገርኩትም። ቢሰማ ይከለክለኛል። አሁን ግቢ ውስጥ ለነገ ሸሚዙን ራሱ እየተኮሰ ነው፤ ሰው ሲጠየቅ ንጹሕ ሆኖ ነው ይላል። ራህማን ጠርቼ አብረሽኝ ሂጂ አልኳት፤ ምክንያቱን አልጠየቀችም፣ እሺ አለች። ሃሊማም ትመጣለች። ከሌላ ሰው ስልክ ከምታየው ከእናቷ አፍ ትስማው።

በስዋሂሊ ልናገር ነው። የጀማል ስም በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው። ባራዛው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ፊት ረድፍ እቀመጣለሁ፤ ጥያቄ ያለው ሲሉ ሳይጨርሱ እነሳለሁ።