የናፍቆት ባንድና የለተመድህን ቀሚሶች

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ አሰገደች፤ ደብረ ብርሃን።

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዴት አደረገዎት? ባለቤትዎን ጋሽ ሔሩይን ያ ክፉ ሳል ለቀቃቸው? የደብረ ብርሃን ክረምትስ ዘንድሮ ጨክኖ ይሆን? እኔ፣ ሥላሴ ይመስገኑ፣ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ አሁንም መጋዝና መዶሻ ከእጄ አልወጡም። ሳንጻጻፍ ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነውና ዛሬ ቀድሜ ጻፍሁ።

አስቀድሜ ደስታዬን ላካፍልዎ። ልጄ ናፍቆት ባሕር ተሻግራ እየዘፈነች ነው! እሷ፣ የሰፈራችን ልጅ ኣረጋዊና ከበሮ መቺው ኤልሳዕ እዚሁ መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ በቤታችን ጓዳ፣ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ማይክራፎን የጀመሩት ባንድ አምና ናይሮቢ ደረሰ፤ ዘንድሮ ጀርመንን፣ ሆላንድንና ፈረንሳይን እየዞረ ነው። ዘፈኑን ዓዲ ሓቂ ሰፈር ካለ ኢንተርኔት ቤት ለቀቁት፤ አንዲት ጀርመናዊት ሰምታ ጠራቻቸው። ትናንት ጎረቤቴ ኣረጋሽ በስልኳ አሳየችኝ። ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭባል፤ የትግርኛውን ምት ግን አንዱም አልያዘው። ኤልሳዕ ሲደውልልኝ፣ “ኣቦይ ደመላሽ፣ ፈረንጆቹን እርስዎ ጋ እናምጣቸውና ሚስማር እያስመቱ ያስተምሩልን” ብሎ አሳቀኝ። ናፍቆት ከመዝፈኗ በፊት የእናቷን ስም ጠራች። ከዚያ ወዲያ ያለውን በደንብ አላየሁትም፤ ዐይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

አሁን የደበቅሁዎትን ልናገር። በጥቅምት 2009 ለባለቤቴ ለለተመድህን ሙት ዓመት መጥተው ጓዳውን ሲከፍቱ፣ ቀሚሶቿና ነጠላዎቿ ግድግዳው ላይ ተቸንክረው አገኟቸው። “የሙት ልብስ የአዝማሪ ቤት መጋረጃ ሆነ?” ብለው ናፍቆትን በሰው ፊት ዘለፏት፤ ሳይመርቋትም ተነሥተው ሄዱ። እሷ አቀርቅራ ዝም አለች። እኔም ዝም አልሁ።

እትዬ፣ ልብሶቹን የቸነከርኋቸው እኔ ነኝ።

በአርባዋ ለነዳያን መስጠት ሲገባኝ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ሣጥን ውስጥ ቆልፌባቸው ነበር። ልጆቹ ዘፈን ሲቀዱ ጓዳው እንደ ባዶ በርሜል ድምፃቸውን እየመለሰ አስቸገራቸው። ፍራሼን ወስደው አቆሙት፤ አልበቃም። ኣረጋሽማ፣ “ደመላሽ ግድግዳውን ፍራሽ ላይ አስተኝቶ ራሱ መሬት ያድራል” እያለች ሰፈሩን ሁሉ አሳቀችብኝ። ወፍራም ጨርቅ ቢገኝ ድምፁን ይይዘው ነበር ሲባል፣ ናፍቆት የእናቷን ሣጥን አየት አድርጋ ዐይኗን መለሰች። አልጠየቀችኝም። እኔው ነኝ ከኪዳን መልስ ቁልፉን አውጥቼ አንድ በአንድ የቸነከርኋቸው። ለልጅቱ ብዬ ነው ብል እውነቱ ግማሽ ነው። የቀረው፣ ልብሱ ከቤቴ እንዳይወጣ ሰበብ ማግኘቴ ነበር።

እርስዎ ሲቆጡ ይህን ለመናገር አፍሬ ልጄን ከፊቴ አቆምሁ። እሷም እስከ ዛሬ “አባቴ ነው” አላለችም። ቀረጻው ሲያልቅ ልብሶቹን አውርጄ፣ አጥቤ፣ መድኃኔዓለም ደጅ ላሉት ነዳያን ሰጠኋቸው። ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው፣ “ለእግዚአብሔርማ ነገርኸው፤ የተቀየመችው ግን እህትህ ናት፤ ልጅህም ያለ አክስቷ ምርቃት ነው የምትዞረው። ተነሥና ጻፍ” አሉኝ።

ናፍቆት ፍልሰታ ሳይገባ፣ ሐምሌ 28 ቀን አዲስ አበባ ትደርሳለች። “ደብረ ብርሃን ብሄድ አክስቴ በር ይዘጉብኝ ይሆን?” ብላ ጠየቀችኝ። የሦስት አገር ሕዝብ ያላስፈራት ልጅ የእርስዎን ደጅ ፈርታለች። እባክዎ ይክፈቱላትና ይመርቋት። ለእኔ የሚገባውን ቁጣ ግን አይተዉት፤ ለመስቀል መጥቼ ፊትዎ ቆሜ እቀበለዋለሁ።

ጋሽ ሔሩይን ጉልበታቸውን ሳምሁ ይበሉልኝ። ለልጅዎ ለፀደይ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ለእህቷ ለናፍቆትም አልጋዋን ታካፍላት።

በደለኛው ታናሽ ወንድምዎ፣
ደመላሽ

መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ
ሐምሌ 14 ቀን 2011 ዓ.ም.