ማሽኑ ጥየቃ ሄዷል

የኔ አስካለ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት ወጣ። ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ይባላል። እኔም እንደ ወጉ ልጽፈው ብዬ ብዕሬን ካነሳሁ በኋላ ሳቄ መጣ። አንቺ እንግዲህ የጤና ነገር አያሳስብሽም። እኔን ብትጠይቂኝ ግን ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው፣ ቁልቁለት አይወድም። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም፣ አለዚያ ትቆጪኛለሽ። ጣራው ተቀይሯል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ ይዘን የምንሯሯጥበት ጥግ አሁን ደርቆ ድመቷ ተኝታበታለች። ከጎንደር የሚመጣው አስፋልት ደጃችን ደርሷል። አቧራው ስለቀነሰ መጋረጃሽ በየሳምንቱ መታጠብ አያስፈልገውም፤ ይሄ የኔ አስተያየት ነው፣ ሠናይት አትስማማም። ልጃችን ትምህርቷን ጨርሳ ነርስ ሆናለች። የደረሳት ደግሞ ዳባት ነው፣ አንቺ ተወልደሽ ያደግሽበት። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመጣና ቤቱን ገለባብጣ፣ እኔንም ተቆጥታ፣ እሑድ ትመለሳለች። ቁጣዋ ያንቺ ነው፤ አንድም ቃል አልቀነሰችለትም።

ጌም ቤቱም አለ። አስጎብኚዎቹና የበቅሎ ጫኞቹ ክረምት ላይ ቱሪስት ሲጠፋ እንደ ልማዳቸው ይመጣሉ። ሊማሊሞን ከመውረዳቸው በፊት አንድ ጨዋታ ሳይጫወቱ የማያልፉ ሾፌሮችም እንዳሉ ናቸው። ጎል ሲገባ ጎረቤት እስኪደነግጥ ይጮኻሉ። አንቺ ኳሱ ያለው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ነው፣ እናንተን ምን ያስነሳችኋል እያልሽ ትስቂባቸው የነበረውን ነገር፣ አሁን እርስ በርሳቸው ይባባሉታል። ሲሉት በሰማሁ ቁጥር ወጥ ቤት ያለሽ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን ስለ ጥቁሩ ፕሌስቴሽን ነው። ጉልበቴ ከጭነት መኪና ካስወረደኝ በኋላ ጌም ቤት እከፍታለሁ ስልሽ አዋቂ ሰው በአሻንጉሊት ይጫወታል ወይ ብለሽ ነበር። ከዚያ ወንድምሽ ከዱባይ ያንን ማሽን ሲልክልን፣ ከእኔ ይልቅ አንቺ ወዳጅ ሆንሽው።

ነገሩን ያመጣችው ሠናይት ነች። ያኔ ጎንደር ተማሪ ነበረች። ለእረፍት መጥታ፣ ከጎናችን ካለው ኢንተርኔት ቤት በግድግዳው ቀዳዳ ገመድ አስሳበችና ማሽኑን ስትነካካ ዋለች። በኋላ ነይ እማዬ፣ እይ ብላ ጠራችሽ። ስክሪኑ ላይ ዓለም ድቡልቡል ሆና ትዞራለች፤ በላይዋም ትንንሽ መብራቶች ተረጭተውባታል። እያንዳንዱ መብራት ማሽኑን ለሕክምና ምርምር ያዋሰ ሰው ነው አለችን። ተመራማሪዎቹ ስሌቱ በዝቶባቸው ቆራርሰው በየቤቱ ይልኩታል፤ ጌሙን የሚጫወት ሰው በሌለበት ሰዓት ማሽኑ ድርሻውን ሠርቶ ይመልስላቸዋል።

ምኑን ነው የሚያሰሉት ብለን ጠየቅናት። ሰውነታችን ውስጥ ፕሮቲን የሚባል ነገር አለ፣ ይተጣጠፋል፣ አስተጣጠፉ ሲበላሽ በሽታ ይመጣል አለች። ከዚያ ያንቺን ነጠላ ከትከሻሽ አንስታ አሳየችን። አንዱ ነጠላ ለሠርግ አንድ ዓይነት፣ ለለቅሶ ሌላ ዓይነት ይለበስ የለ፤ ጨርቁ ያው ነው፣ አለባበሱ ግን ነገሩን ይለውጠዋል። እንደዚያ በሉት አለች። እኔ ገባኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። አንቺ ግን ደባርቅ የታለች ብለሽ ስክሪኑ ላይ ተደፋሽ።

ነበረች። ከበላይዋም ከበታችዋም ጨለማ ሆኖ አንዲት ነጥብ ብቻዋን ትበራለች። ያቺ እኛ ነን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የሚጫወቱት ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ መብራታችን እንዳለች ሳታዪ ሥራ አትጀምሪም ነበር።

ስሙን ያወጣሽለትም አንቺ ነሽ። ይሄማ ወንፈል ነው አልሽ። አገርሽ ዳባት ገበሬው ዛሬ እሱ ማሳ፣ ነገ እኔ ማሳ እየተባባለ ተራ በተራ እንደሚተጋገዘው ማለትሽ ነው። እኔ ደግሞ ነገር መቆስቆስ ስለምወድ፣ ወንፈል ከሆነ የኛ ተራ መቼ ነው አልኩ። ሠናይት ከሚመረመሩት በሽታዎች ውስጥ እጅ የሚያንቀጠቅጠውም አለበት አለች። ሦስታችንም እጅሽን አየን። አንቺ እጅሽን ነጠላሽ ውስጥ ከተትሽና፣ እንግዲያው ተራዬን እጠብቃለሁ አልሽ፣ ቀልድ አስመስለሽ። ቀልድ እንዳልነበረ አውቄያለሁ። እንዝርት ማሾር አቅቶሽ ባዘቶው ከቅርጫቱ ሳይወጣ የከረመበት ጊዜ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔም ከዚያ ማሽን የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ያንቺ ተራ እንዲደርስ።

አንቺማ ተንከባካቢው ሆነሽ አረፍሽው። የደባርቅ ብርድ ይጎዳዋል ብለሽ ጋቢ ያለበስሽው ቀን ትዝ ይልሻል? ማሽኑ በሙቀት ታፍኖ ጠፋ። ጋቢውን ሳነሳው እንደ ትኩስ ዳቦ ይግል ነበር። እንግዳ ሆኖ አልለመደውም ብለሽ ነገሩን በማሽኑ አሳበብሽ።

ትልቁ ጉድ ግን ኅዳር ላይ መጣ። የሚላከው ሥራ ሁሉ የመመለሻ ቀን አለው፤ ቀኑ ካለፈ ለሌላ ቤት ይሰጣል። ሠናይት ከጎንደር ደውላ ሥራችን ሁሉ እየዘገየ ነው፣ ለሌላ ሰው እየተሰጠብን ነው አለች። እኔ የመብራት ኃይልን ረገምኩ። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ገመዱን አይጥ በልቶት ይሆናል ብሎ ግድግዳውን ሊያፈርስ ተነሣ። ለካስ አይጧ አንቺ ነሽ። የሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገብተሽ፣ ማሽኑን በእርጋታ ስታጠፊው በዓይኔ አየሁ። ምን እያደረግሽ ነው ብልሽ፣ በበዓል ቀን ወንፈል ሲኬድ የት አየህ አልሽኝ፤ እኔኑ መልሰሽ ወቀስሽኝ።

ሚካኤል ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ሥላሴንም፣ ኪዳነ ምሕረትንም፣ ገብርኤልንም፣ ማርያምንም፣ መድኃኔዓለምንም አክብረሽለታል። ቅዳሜና እሑድም አለ። ማሽኑ ከኔ የበለጠ ጻድቅ ሆኖ ተቀምጧል። ሳቄን ይዤ ሥራው እኮ ላንቺ እጅ ነው አልኩሽ። አንቺ አልሳቅሽም። ለራሴ እጅ ብዬ በዓል አልሽርም አልሽ። ሠናይት በስልክ ለመነችሽ፣ እኔ ለመንኩሽ፣ አንቺ ወይ ፍንክች። ግን ማሽኑን ያጠፋሽ ዕለት ሁሉ ነጥባችን ጠፍታ ይሆን እያልሽ ፊትሽ ጭፍግግ እንደሚል አየሁ። ልብሽ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነበር። እኔም እጅሽን ባየሁ ቁጥር የተራው ቀን እየሸሸ ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ የንስሐ አባታችንን መምሬ ዓለሙን ጠራናቸው። መጡ፣ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። ዓለም ስትዞር ብዙ ጊዜ አዩ። ደባርቅን አሳየሻቸው፤ ወንፈል ነው ብለሽም ነገርሻቸው። ከዚያ ማሽኑ የሚያርሰው ለማን እንደሆነ ጠየቁሽ። ለበሽተኛ አልሻቸው። በሽተኛውን ታውቂዋለሽ ወይ አሉሽ። አላውቀውም፣ አገሩንም አላውቅ አልሻቸው። ሳቅ ብለው አንቺን አዩ።

«ይህማ ወንፈል አይደለም፣ ልጄ፤ ጥየቃ ነው። በሽተኛ በበዓል ቀን ካልተጠየቀ መቼ ሊጠየቅ ነው?»

ተነሥተሽ መስቀላቸውን ተሳለምሽና ማሽኑን እዚያው ፊታቸው አበራሽው። እሳቸው ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው፣ ኳሱ ግን በቅዳሴ ሰዓት ይቅር አሉኝ። ያንን እኔ ያልሰማሁ መስዬ አለፍኩት። አንቺ ግን ሰማሽ።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻልሽ። የበዓል ቀን ጠዋት ማሽኑ ሙሉ በሙሉ የበሽተኛ ሆነ። ሠናይት በካርቶን ላይ «ማሽኑ ጥየቃ ሄዷል» ብላ ጻፈችልሽ፤ አንቺ በሩ ላይ ሰቀልሽው። ሾፌሮቹ መጥተው ያነቡና ይስቃሉ፣ ግን አንድም ሰው አያንኳኳም። ቀስ በቀስ የከተማው ቋንቋ ሆነ። ሱቁን ዘግቶ የጠፋ ነጋዴ ጥየቃ ሄዷል ይባላል። መብራት ሲጠፋም ጥየቃ ሄዷል ይባላል። ዛሬም እንደዚያው ነው። ምክንያቱን የማያውቁት ልጆች ሳይቀሩ ይሉታል።

ሕመሙ ግን ማሽኑን አልጠበቀም። ሲኒ መያዝ አቃተሽ፣ ኋላም ማንኪያ። እኔ እያጎረስኩሽ አንቺ ሾፌር ነበርክ፣ ምነው አቅጣጫ ትስታለህ እያልሽ ታስቂኝ ነበር። አንድ ቀን ግን አልቻልኩም። ይሄን ሁሉ ጊዜ ለሰው ስንሠራ ያንቺ ተራ የት ቀረ ብዬ ምርር አልኩ። ያን ቀን ያልሽኝን እንዳልረሳው እዚህ ልጻፈው።

«ወንፈል ቢሆን ተራዬን እጠይቅ ነበር። ጥየቃ ግን ተራ የለውም፤ ትሄዳለህ፣ ትጠይቃለህ፣ በቃ።»

እውነቱን ልንገርሽ፣ ያኔ አልተጽናናሁም። እኔ የፈለግሁት ተራሽን ነበር። በዚያው በጋ፣ ከሠናይት ጋር ስንስቅ አምሽተሽ፣ ጠዋት እንደ ልማድሽ ሰው ሳታስቸግሪ ሄድሽ።

ከሄድሽ ጥቂት ወራት በኋላ ማሽኑ ላይ መልእክት መጣ። ሠናይት አነበበችልኝ። በዚህ ማሽን የሚካሄደው ሥራ አበቃ፣ ላገዛችሁን ሁሉ እናመሰግናለን ይላል። የምትዞረዋ ዓለም ጠፋች፤ ደባርቅም አብራ ጠፋች። በቀብርሽ ቀን ሰው እንዳያየኝ ብዬ የዋጥኩትን ልቅሶ፣ እዚያ ባዶ ስክሪን ፊት ተቀምጬ አለቀስኩት። ተራሽ አልደረሰም፣ ወረፋውም ፈረሰ ብዬ።

ካርቶኑን ግን ከበሩ ላይ ለማንሳት እጄ እምቢ አለኝ። የኅዳር ሚካኤል ጠዋት፣ ካርቶኑ እንደተሰቀለ፣ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሾፌሮቹ፣ አስጎብኚዎቹ፣ የበቅሎ ጫኞቹ ደጁን ሞልተውታል። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ድፎ ዳቦና ጠላ ይዘው። ማሽኑ ዛሬ አይሠራም ልላቸው አፌን ስከፍት፣ ያ ጎል ሲያገባ ጣራ የሚነቅለው የሊማሊሞ ሾፌር፣ ዓለምነህ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አቋረጠኝ።

«ጋሼ፣ ለጨዋታ አይደለም የመጣነው፤ እርስዎን ጥየቃ ነው።»

ገቡ። ተቀመጡ። ጆይስቲክ የነካ የለም። ዳቦው ተቆረሰ፣ ያንቺን ቀልድ እየተቀባበሉ አወሩ፣ ጋቢ የለበሰውን ማሽን አነሱ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። ያልሽው ያን ጠዋት ገባኝ፣ አስካልዬ። ወረፋ ይዤ ስጠብቅ የነበርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። እነሱ ተራ ሳይጠብቁ መጡ።

እንግዲህ አሁን የምሠራውን ልንገርሽ። ሠናይት ዳባት ካገኘቻቸው በሽተኞች አንዱ እንዳንቺ እጁ የሚንቀጠቀጥ አዛውንት ነው። ልጆቹ ርቀውበታል። በወር በወር የሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በሚኒባስ እሄድና ምሳውን አጎርሰዋለሁ። አቅጣጫ አልስትም፣ አንቺ አስተምረሽኛል። ነገር አዋቂ ነው፣ ብትተዋወቁ ትስማሙ ነበር። ከቤት ስወጣ ካርቶኑን እሰቅለዋለሁ። ጽሑፉን አልቀየርኩትም። የጌም ቤቱ ልጆች ጋሼ ከመቼ ወዲህ ነው ማሽን የሆኑት እያሉ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ጉልበቴ እስከቻለ ድረስ ይሄን አላቋርጥም፣ ቃሌ ነው። ባለፈው ወር አዛውንቱ ጎርሶ ሲያበቃ ትክ ብሎ አየኝና፣ ለመሆኑ አንተን ማን ላከህ አለኝ። አስካለ አልኩት።

ባልሽ