ጩኸቱን ተከትለው የሄዱት የአቶ ዋለ አስረስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዋለ አስረስ ከአባታቸው ከአቶ አስረስ ይመር እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩዬ በላይ፣ በአምባሰል ወረዳ ከውጫሌ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ግንቦት 12 ቀን 1954 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ውጫሌ ተምረው፣ የሬዲዮ ጥገና ሙያን ደሴ ከአጎታቸው ዘንድ ቀሰሙ። በ1978 ዓ.ም. ሐይቅ ከተማ ሱቅ ከፈቱ። ከወ/ሮ ስህን ታደገ ጋር በ1982 ዓ.ም. ተጋብተው አንድ ልጃቸውን መቅዲን ወልደዋል።

አቶ ዋለ የየጣቢያውን የሞገድ ቁጥርና ጥርት ብሎ የሚሰማበትን ሰዓት በደብተር ይመዘግቡ ነበር። ሬዲዮ ሲረበሽባቸው ዝም ብለው ማዞሪያ አይነካኩም። ትንሿን ሬዲዮ ይዘው ጩኸቱ ወደሚበረታበት ይሄዳሉ፤ የወፍጮ ሞተርም ይሁን የሰው ቤት አምፖል፣ ምንጩን ሳያገኙ አይመለሱም። ሲያገኙትም "ለአሥር ደቂቃ አጥፉልኝ" ብለው ይለምናሉ። ወፍጮ ቤት ያላቸው ጎረቤታቸው አቶ ኑርዬ በዚህ ስንቴ እንደተቆጧቸው ዛሬ እያለቀሱ ያወራሉ። "መብራት ሲጠፋ ነው ሬዲዮ ጥርት የሚለው" ማለትም የዘወትር ንግግራቸው ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ለውጡ ሲመጣ ወሬ የጠማው ሁሉ ሱቃቸውን ሞላው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ሚስታቸውና ልጃቸው ወደ ደብረ ብርሃን ሸሹ። እርሳቸው አልጋ የያዙ እናታቸውን ትተው አልሄዱም። መብራትም ስልክም በተቋረጠበት በዚያ ጊዜ፣ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራው ሬዲዮ የተፈናቃዮችን ስም በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የሚያነብ ጣቢያ አገኙ። የሰሙትን እየጻፉ፣ ክርስቲያን እስላም ሳይሉ፣ "ልጅህ ደኅና ነው" እያሉ ቤት ለቤት አደረሱ። የራሳቸውን ሰዎች ስም ግን አላገኙም።

ኅዳር 9 ቀን ስም በሚነበብበት ሰዓት የታጣቂዎች ጄኔሬተር ተነሣና ሬዲዮውን አፈነው። አቶ ዋለም እንደ ልማዳቸው ጩኸቱን ተከትለው ሄደው "ለአሥር ደቂቃ አጥፉልኝ" አሉ። በሰደፍ ጆሯቸውን መቷቸው። ከዚያ ወዲህ አልሰሙም።

በታኅሣሥ ወር ቤተሰባቸው ሲመለስ አቶ ዋለ በዓይናቸው ብቻ አዩዋቸው፤ ድምፃቸውን አልሰሙም። ጣታቸውን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገው ንዝረቱን እየዳበሱ መጠገናቸውን ቀጠሉ። "ያን ቀን ስማችሁ ተነቧል፣ እኔ ነኝ ያመለጠኝ" እያሉም ሦስት ዓመት ራሳቸውን ወቀሱ። ከተመቱ ወዲህ ባልለቀቃቸው የራስ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በ62 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና አንድ የልጅ ልጅ ትተዋል።

ይህን የጻፍኩት ልጃቸው መቅዲ ነኝ። ስማችን አልተነበበም። የጣቢያው ስም መዝጋቢዎች ደብረ ብርሃን ድንኳናችን ድረስ መጥተው ነበር፤ እኛ ግን ሐይቅ መብራት ጠፍቷል፣ ማን ይሰማናል ብለን አላስመዘገብንም። ሌላው ሰው ባያውቅ፣ ስለ መብራትና ሬዲዮ የዘወትር ንግግራቸውን የምንሰማ እኛ ማወቅ ነበረብን። በወረቀት ጽፈን ልንነግራቸው ስንችልም ፈርተን ዝም አልን።

አባዬ፣ ያመለጠዎት ስም የለም። እግዚአብሔር ነፍስዎን ጩኸት በሌለበት ያሳርፍልን፤ እኛንም ይቅር ይበለን።