«ከሰኞ ጀምሮ ሰቆጣ!» ተብለው እስካሁን ስላልደረሱት ሦስት ሠራተኞች

ሰቆጣ፣ መጋቢት 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

«የመዝገብ ቤቱ ሰዎች» ለተባለው የቴሌቪዥን ድራማ አዘጋጅ ክፍል
ለተከበሩ ጓድ ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ጓድ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎ እንዴት ሰንብቷል እያልኩ፣ ቀልድ የሚጽፈው ጣትዎ ከቁርጥማት፣ ቀልዱን አንብቦ መጀመሪያ የሚስቀው ጉሮሮዎ ከጉንፋን፣ የሚቀመጡበት ወንበርም ከዝውውር እንዲጠበቅልዎ በአብዮታዊ ትሕትና እመኛለሁ። እኛ፣ ምስጋና ለእርስዎ ይሁንና፣ ደህና ነን፤ አልጋ ከማንጠፍና መንገድ መንገድ ከማየት በቀር ሌላ ድካም የለብንም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በየወሩ አንድ ዓርብ ማታ በቴሌቪዥን የምታሳዩት ድራማ፣ በሳልስቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ ድምፁ ብቻ በሬዲዮ ይደገማል። ቴሌቪዥን ለሌለን ሰዎች እንዲህ ስለታሰበልን እጅ እንነሣለን። የድራማው ጨዋታ መቼም አንድ ነው። ሥራ አስኪያጁ በአንድ ሠራተኛ ይናደዳል፤ ጠረጴዛውን ይደበድባል፤ ከዚያም ድምፁን ከሆዱ አውጥቶ «ከሰኞ ጀምሮ ሰቆጣ!» ይላል። ሠራተኛው ይዝለፈለፋል፣ ሚስቱ እዬዬ ትላለች፣ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል፣ ሙዚቃው ይገባል፣ አለቀ።

ለአዲስ አበባ አለቀ። እዚህ ግን የሚጀምረው ገና ያን ጊዜ ነው። ሹመትና ዝውውርን የምንሰማው በዚያው ሬዲዮ ስለሆነ፣ ሕዝቡ የእናንተንም ነገር የሰማው እንደ መንግሥት ማስታወቂያ ነው። ሳቁን ሲሰሙ፣ ሰውዬው ሰቆጣ ስለደረሰው የሥራ ባልደረቦቹ ደስ ብሏቸው ነው አሉ። የሚስቱን ለቅሶ ደግሞ «እናቷን ትታ መምጣቱ ከብዷት ነው፣ ትለምደዋለች» ብለው አለፉት። ለገበያ የመጡ የፃግብጂ ሰዎች አገራቸው ገብተው በኽምጣኛ ሲያወሩትማ ጭራሽ የምሥራች ሆነ።

እንግዲህ አቤቱታዬን በቁጥር ላቅርብ፤ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ በደንብ የተማርኩት ቁጥር መስጠት ነውና።

፩ኛ. ጓድ ምንዋጋው የተባለው የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ባለፈው ጥቅምት ወደ ሰቆጣ ተዛውሮ እስካሁን አልደረሰም። እትዬ ሐሊሜ፣ ሬዲዮውን በሱቃቸው በር ላይ አስቀምጠው ሠፈሩን የሚያሰሙት ነጋዴ፣ የዚያኑ ዕለት ከሱቁ ጀርባ ያለውን ክፍል አስለቅቀው ኖራ አስቀቡና አልጋ አስገቡ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ስሙን በአዲስ ነዋሪነት መዘገቡ። አባቴ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ፣ የከተማ ሰው ዳገት አይችልም ብለው፣ ከኮረም የሚመጣው የጭነት መኪና እሚቆምበት ድረስ በቅሏቸውን ጭነው ወረዱ። መኪናው መጣ። ስኳር ወረደ፣ ላምባ ወረደ፣ ሁለት ፍየልና አንድ የጤና ረዳት ወረዱ። ምንዋጋው አልወረደም። አባቴ ለሾፌሩ «እስቲ ከጆንያው ሥር ደግመህ እይልኝ» ማለታቸው በከተማው እስካሁን ይወሳል።

፪ኛ. በኅዳር የግምጃ ቤት ሠራተኛውን፣ በታኅሣሥ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ሾፌር መደባችሁልን። እነሱም የሉም፤ ከጥር ወዲህ የምትደግሙትም የእነሱኑ ዝውውር ነው። የሾፌሩ መቅረት በተለይ አሳስቦናል፤ ሌላው ቢጠፋ እሱ መንገድ ያውቃል ተብሎ ነበር። ክፍሉ አሁን ሦስት አልጋ ይዟል። ከኒሯቅ የሚመጡ ነጋዴዎች ይህን አይተው «ለእናንተ ሦስት ሠራተኛ ሲመደብ እኛስ ምን አጠፋን?» ብለው ተቀይመዋል፤ በደሃና በኩልም ተመሳሳይ ቅሬታ እየተሰማ ነው። በመላ አገሪቱ እኩልነት በሚነገርበት በዚህ ዘመን ሰቆጣን ብቻ ለይታችሁ ማክበራችሁ ከጎረቤት አጣልቶናል።

፫ኛ. ይህ የግሌ ነው። በጥር ዲግሪዬን ይዤ፣ የትውልድ ከተማዬን ላስተምር፣ ብችል ደግሞ ላገለባብጣት እየቸኮልኩ ስደርስ፣ እትዬ ሐሊሜ እንኳን ደስ ያለህ እንኳ ሳይሉኝ «ምንዋጋውን አዲስ አበባ አላየኸውም?» አሉኝ። ቀልድ መሆኑን ማስረዳት የእኔ ዕጣ ሆነ። ክቡር ጓድ፣ ቀልድ ጽፈው ያውቁ ይሆናል፤ ለእትዬ ሐሊሜ አስረድተው ግን አያውቁም።

«ሰውየው የለም፣ እትዬ። ለጨዋታ ነው።»

«እሺ። ጨዋታው የቱ ላይ ነው?»

«ሰቆጣ ሂድ መባሉ ላይ ነው።»

«እሺ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይሳቃል።»

እትዬ ሐሊሜ «ይኼን ልጅ አዲስ አበባ ምን አበሉት?» ብለው ወደ ሚዛናቸው ዞሩ። አልጋዎቹንም አላነሡም።

የተማርኩ ሰው ነኝና ነገሩን በጥናት ያዝኩት። ለምን ሰቆጣ? ሩቅ ስለሆነች እንዳልል ካርታ ዘርግቼ በማስመሪያ ለካሁ፤ ከእኛ የሚርቁ ከተሞች ሞልተዋል፣ በማናቸውም አልተሳቀም። በረሃ እንዳትባል ደጋ ናት። እዚህ ደርሶ የተጎዳ ጸሐፊ ይኖር እንደሆነ በሦስት ቀበሌ ጠየቅሁ፤ ከመሥሪያ ቤታችሁ አንድም ሰው ረግጧት አያውቅም። በመጨረሻ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ከተማ መሳቂያ የሚሆነው ባለው ነገር ሳይሆን፣ በሚሳቅበት አዳራሽ ውስጥ ሰው ስለሌለው ነው። አንድ የሰቆጣ ልጅ እዚያ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ ጎኑ ያለው ሰው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ያልፍ ነበር።

እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር። አንድ ነበረ። ገና ሳልመረቅ፣ በጥቅምት፣ በተማሪዎች መዝናኛ ክፍል፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ እኔም ሳቅሁ፤ ከሁሉም አስበልጬ ሳቅሁ። አጠገቤ ያለው ልጅ ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቀኝ «ከወሎ» አልኩት። «ከወሎ የት?» ሲለኝ «ከደሴ ትንሽ ወደ ሰሜን» አልኩ። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ የምወነጅለው እርስዎን ብቻ አይደለም፤ እኔ ግን ቢያንስ ደርሻለሁ።

፬ኛ. ይህ ግን አያስቅም፤ እርስዎ ቢጽፉት እንኳ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ሁለት ዓመት ሙሉ የፊዚክስ መምህር አልነበረውም። በየካቲት መምህርት አመተ ሥላሴ ተመደቡልን፤ በእውነተኛ ደብዳቤ፣ ከነማኅተሙ። ኮረም ድረስ መጡ። ሣጥናቸውን በጭነት መኪናው ላይ አስጭነው ሻይ ቤት ገቡ። ወዴት እንደሚሄዱ ተጠይቀው «ሰቆጣ» ሲሉ፣ ከሸገር በመጣው አውቶቡስ ላይ የነበሩት መንገደኞች ሁሉ ጠረጴዛ እየደበደቡ በአንድ ድምፅ «ከሰኞ ጀምሮ ሰቆጣ!» አሏቸው። ሴትየዋ ሻዩን ሳይጨርሱ በዚያው አውቶቡስ ተመለሱ። ይህን የነገረን የጭነት መኪናው ሾፌር ነው፤ እሱ ሣጥኑን ይዞ አስቀድሞ ወጥቶ ኖሮ፣ የሆነውን የሰማው በሁለተኛው ጉዞው ነው።

ሣጥኑ ስለዚህ ደርሷል። ከሦስቱ አልጋዎች አጠገብ ተቀምጧል። ውስጡ የፊዚክስ መጻሕፍት እንዳሉ ክብደቱ ይናገራል፤ ልክፈተው ብዬ ሁለት ጊዜ ለምኜ እትዬ ሐሊሜ «የሰው ዕቃ አይነካም፤ ባለቤቱ ትመጣለች» ብለው መለሱኝ። በግንቦት ሠላሳ አንድ ተማሪዎች ማትሪክ ይፈተናሉ። ፊዚክሱን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ የጂኦግራፊ ምሩቁ። የእትዬ ሐሊሜ ልጅ ዓሲያ፣ ድልድይ እሠራለሁ ብላ የተነሣች፣ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ፣ «መምህር፣ ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ለምን ይሰበራል?» ብላ ጠየቀችኝ። የማውቀው ነገር ስላልነበረኝ የተከዜን ገባር ወንዞች በሙሉ ዘረዘርኩላት። በትሕትና ጻፈችው። ክቡር ጓድ፣ ያ ደብተር ሲታወሰኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነው። ድራማው እንዲቀር አልጠይቅም፤ እሁድ ከሰዓት ሌላ የምንሰማው የለንም። ግን እባክዎ፣ በሚያዝያው ዝግጅት ምንዋጋውን ያድርሱልን። ከመኪናው ይውረድ፣ አባቴ በቅሎ ላይ ያውጡት፣ እትዬ ሐሊሜ ቁልፍ ይስጡት፤ አልጋው ትንሽ ይጠረው፣ ካስፈለገም ከበቅሎዋ ይውደቅና ይሳቅበት፣ አንቀየምም። ብቻ ይድረስ። መምህርት አመተ ሥላሴ የትም ይሁኑ የት ያን ዓርብ ድራማውን ማየታቸው አይቀርም፤ አንድ ሰው ሰቆጣ ሂድ ተብሎ፣ ሄዶ፣ ደርሶ፣ እራት በልቶ ሲተኛ ቢያዩ፣ ሣጥናቸው ትዝ ይላቸው ይሆናል።

ሦስት ሠራተኛ ሰጥታችሁ አንዱንም ልካችሁ ስላላስቸገራችሁን፣ አንዲት መምህርት ስትመጣም በመንገድ ስላስቀራችሁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የጠረጴዛዎ እግር እንዲጸና፣ ሙዚቃውም በሰዓቱ እንዲገባ እየተመኘሁ፣ እሁድ እሁድ ጆሮዬን ለእርስዎ የሰጠሁ፣

ገብረ አምላክ ወልደ ጻድቅ
የጂኦግራፊና፣ በእርስዎ መልካም ፈቃድ፣ የፊዚክስ መምህር
ከደሴ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ማለትም ሰቆጣ

ግልባጭ፦ ለጓድ ምንዋጋው፣ ባሉበት

የተረሳ ነገር፦ የትምህርት ቤታችን የድራማ ክበብ ባለፈው ቅዳሜ አጭር ጨዋታ አሳይቶ ነበር። የቀበሌውን ሊቀ መንበር ሆኖ የሚጫወተው ልጅ በሰነፍ ዘበኛ ይናደድና ጠረጴዛ ደብድቦ «ከሰኞ ጀምሮ አዲስ አበባ፣ ድራማ ክፍል!» ይላል። ሕዝቡ አግዳሚ ወንበር እስኪሰበር ሳቀ። ክፍልዎን ያየ አንድም ሰው በመካከላችን አልነበረም፤ ዘዴዎ እዚህም ይሠራል ማለት ነው። ያልሳቁት እትዬ ሐሊሜ ብቻ ናቸው። «እዚያ ያለው አለቃ እንዲህ የሚሳቅበት ሰው ከሆነ፣ ምነው እዚህ መጥቶ ቢያርፍ» ብለው በነጋታው አራተኛ አልጋ አስገቡ። በስምዎ ነው። ሲመጡ ቁልፉን ከሱቁ ይጠይቁ። ሣጥኑን ግን እንዳይነኩት፤ ባለቤቱ ትመጣለች።