ቁልፉ ከቦታው አልተነሳም

ይድረስ ለእናቴ፤ አማቴ ማለት አፌ አልለምድ ብሎኝ ይኸው እናቴ እንዳልኩዎ ቀረሁ። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ዓይንዎን የጋረደው ሞራ በመድኃኒቱ አልተሻለዎትም? እኔ ደህና ነኝ፤ ይህ ደህና ከተባለ።

ያው አልጋ እሠራለሁ። ሙሽሮች መጥተው በእጃቸው ጫን ጫን አድርገው ይሞክሩትና እየተሳሳቁ ያስጭኑታል። በራሴ አልጋ ግን ልጅዎ ከሄደች ወዲህ አልተኛሁም፤ ሥራ ቤቱ ውስጥ፣ ሰጋቱራው አጠገብ ፍራሽ ዘርግቻለሁ። ብቻዬን ስበላ የማኘኬ ድምፅ ለራሴ ይሰማኛል።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጠርተውኝ ነበር። ከሌላ ሰው ጋር መሄዷ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው፣ ጌታም በዝሙት ምክንያት መፍታትን ፈቅዷል፣ እሑድ ቁርጡን ንገረን አሉኝ። እውነት ነው፣ ተጽፏል። የጋብቻ መኝታ ንጹሕ ይሁን የሚለውን ሳነብማ ንዴቴ እንደ አዲስ ይነሳል። ግን እናቴ፣ ጌታ ፈቀደ እንጂ አላዘዘም። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ነቢይ ከድታው የሄደችውን ሚስቱን ሄደህ ውደዳት ተብሏል። ይህን ብነግራቸው አንዱ ሽማግሌ፣ «አንተ አናጢ ነህ እንጂ ነቢይ አይደለህም» አለኝ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጌታስ ያደገው በማን ቤት ነው የሚለው መልስ ትዝ ያለኝ መንገድ ላይ ነው። ቤት ስደርስ አለቀስኩ።

ባለፈው መልስዎ ልጅዎ የት እንዳለች እንደማያውቁ አስጽፈውልኛል። እሺ ብያለሁ። ማን እንደጻፈልዎም አልጠይቅም። ወረቀቱ ትራሴ ሥር ነው፤ የማውቀውን ጽሕፈት እያየሁ እንቅልፍ ይወስደኛል።

እሑድ «እጠብቃታለሁ» ልላቸው ነው። ብቻዬን ቆሜ ማለቱ ግን ያስፈራኛል። ሲጢጥ እያለ እንቅልፍ ይነሳን የነበረውን የአልጋውን እግር አጥብቄዋለሁ። የቤቱም ቁልፍ ከድሮ ቦታው አልተነሳም። የት እንደሆነ እርስዎ አያውቁትም፤ ማወቅም የለብዎትም።

ፈጣሪ የዓይንዎን ብርሃን ይመልስልኝ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ይህን የሚያነብልዎ ሰው እዚህ ሲደርስ ድምፁ ቢቆራረጥ አይቆጡት፤ ውሃ ያቅምሱልኝ።

ያልወለዱኝ ልጅዎ