ድንኳናችን ዘረኝነትን ሊቃወም ሄዷል

ለተከበሩ አቶ ባምላክ፣
የእድራችን ሊቀመንበርና የ«ጁባ የሁላችን» ፀረ ዘረኝነት ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? የጁባ ፀሐይ ፊትዎን እንዳያጠቁረው ዘወትር እጸልያለሁ፤ በዚህ ከተማ ለእርስዎ ከዚህ የከፋ አደጋ እንደሌለ ዘግይቼም ቢሆን ተረድቻለሁና።

እኔ ካሳዬ እባላለሁ፤ ካስተም ገበያ ሱቅ ያላት የማናህሎሽ አባት ነኝ። ንግግርዎ በረዘመ ቁጥር ከኋላ ወንበር የሚያስለው ሽማግሌ ብል ይበልጥ ያስታውሱኛል።

ምስጋናዬን ላስቀድም። ባለፈው ቅዳሜ ኮሚቴዎ በኳስ ሜዳው ያዘጋጀው በዓል እጅግ ያማረ ነበር አሉ። ባሪው፣ ዲንካው፣ ኑዌሩ፣ ሀበሻው፣ ኡጋንዳዊው አብሮ ተሰልፎ፣ እርስዎም «ሞት እንኳ ቀለም አይመርጥም» ብለው ሲናገሩ ጭብጨባው ከድልድዩ ማዶ ሸሪካት ድረስ ተሰማ ይባላል። እኔ አልነበርኩም፤ በዚያው ሰዓት አትላባራ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ሞትስ እውነትም ቀለም አይመርጥም፤ የሚመርጠው እድራችን ነው።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልለፍ፤ ሥርዓት እንደሚወዱ ስለማውቅ በተራ ቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ። የልጄ ባል ዋኒ የባሪ ተወላጅ ነው። የስደት ልጅነቱን አዲስ አበባ ስላሳለፈ አማርኛው ከእርስዎ ንግግር ይልቅ ይጥማል። የእድሩን ድንኳን ከለቅሶ ለቅሶ በፒክአፑ የሚያመላልሰው እሱ ነው። ዓርብ ከሰዓትም ድንኳኑን ሜዳው ድረስ ወስዶ፣ ካስማውን መትቶ የተከለልዎ እሱ ነው። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ እናቱ ማማ ኬጂ አረፉ።

ሁለተኛ። ደንባችን የአባል የትዳር ጓደኛ ወላጅ ሲሞት ድንኳን ይወጣል፣ አግዳሚና ድስት ይወጣል፣ አባላት ለቅሶ ይቀመጣሉ ይላል። የባለቤትዎ እናት አዳማ ላይ ሲያርፉ፣ አስከሬን በሌለበት፣ ጁባ መሐል ድንኳን ተጥሎ ተቀምጠናል፤ እኔም አይቻቸው ለማላውቃቸው ሴት ደረቴን መትቼ አልቅሻለሁ። ማናህሎሽ ግን ቅዳሜ ጠዋት ስትደውልልዎ፣ ድንኳኑ ዘረኝነትን ሊቃወም መሄዱን በትሕትና ነገሯት። ይሁን፤ ሥራ ላይ ያለ ድንኳን አይነቀልም። ማታ ሲመለስስ ብላ ብትጠይቅዎ፣ ዋኒ አጠገቧ ቆሞ እየሰማ፣ እንዲህ አሏት፦ «እነዚህ ጥቁሮች እኮ ዛፍ ሥር ነው የሚያለቅሱት፤ ድንኳን ምን ያደርግላቸዋል?»

ክቡር ሆይ፣ ቤትዎ መስታወት ከሌለ ካስተም ላይ ሞልቷል፤ እኔው ገዝቼ እልክልዎታለሁ።

ሦስተኛ። ባለቤቴ አባይነሽ ስታርፍ፣ አንድ ቃል አማርኛ የማያውቁት ማማ ኬጂ ከድንኳናችን ገብተው፣ በጁባ ዐረብኛቸው «ማለሽ፣ ማለሽ»፣ አይዞህ እንደማለት፣ እያሉ እጄን ይዘው ተቀመጡ። ሰው ሲበተን ደግሞ ድስት ያጥቡ ነበር፤ እርስዎም ከዚያው ድስት በልተዋል። ሀበሾች የት ሥር ነው የሚያለቅሱት ብለው ሲማከሩ ግን አልሰማኋቸውም።

አራተኛ። ይሄኛው ቀልድ የለበትም። በድንኳኑ ደጃፍ የሰቀሉት ትልቁ ፎቶግራፍ የልጅ ልጄ የሲና ነው። አባቷ ባሪ፣ እናቷ ሀበሻ ናቸውና ለከተማችን ምሳሌ ትሁን ብለው፣ ቤታችን ድረስ መጥተው ለምነው ነው ያስነሷት። እኛም ሞኞቹ ኮርተን ፈቀድን። ቅዳሜ ዕለት ፊቷ በድንኳኑ ላይ ፈገግ ብሎ እንግዳ ሲቀበልልዎ፣ ልጅቷ ራሷ ያው ድንኳን በተነፈጋቸው በአያቷ ለቅሶ ላይ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ሲመሻሽ ወደ እኔ ተጠግታ ጠየቀችኝ፦ «አያቴ፣ እኔ ስሞት ድንኳኑ ይመጣልኛል? ወይስ ግማሹ ብቻ ነው የሚመጣው?»

ድንኳኑን የሚያዙት እርስዎ ነዎትና ጥያቄዋን እንዳለ አምጥቼልዎታለሁ።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። በሚመጣው የእድሩ ስብሰባ ላይ ሲናን ወደ ፊት ጠርተው መልሱን ለራሷ ይንገሯት። ድንኳኑ ሙሉውን የሚመጣላት ከሆነ፣ ለአያቷ ለምን እንዳልወጣ ያስረዷት። ግማሹ ከሆነም ሰው ሁሉ እየሰማ «ግማሹ ነው» ይበሏት፤ ያኔ እኛም ቁርጣችንን እናውቃለን። እስከዚያው ፎቶግራፏን አውርደው ይመልሱልን። ድንኳኑን የሚጭን መኪናም ኮሚቴዎ ይፈልግ፤ የዋኒ ፒክአፕ ሐዘን ላይ ነው።

ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት ልክ እንደ ድንኳናችን ነው፤ ሰው ተመርጦ የሚወጣ። ዛሬ ታጥፎ ተቀምጧል።

የማናህሎሽ አባት፣ የዋኒ አማት፣ የሲና ሙሉ አያት፣
ካሳዬ
ከአትላባራ፣ ጁባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የእኔ ተራ ሲደርስ (አልቸኩልም፤ ንግግርዎ ላይ ማሳሉን ገና አልጠገብኩትም) ስለ ድንኳን እንዳይቸገሩ። የማማ ኬጂ ጎረቤቶች ማንጎው ሥር ቦታ እንደማላጣ ከወዲሁ ነግረውኛል፤ የማን ዘር ነህ ብለውም አልጠየቁኝም። እርስዎም ይምጡ። ጥላው ለሁሉም ይበቃል፤ ፊትዎንም አያጠቁርብዎትም።