ከአራቱ ባዶ በርሜሎች እስከ ሃያኛው በረራ፦ የኢንጂነር ባስልዮስ ሙሉነህ የሕይወት ታሪክ

በመስከረም ወር 1984 ዓ.ም. ከነገሌ ቦረና ከተማ ውጭ ባለ የጠጠር ማረፊያ ሜዳ ላይ አራት የነዳጅ በርሜሎች ቆመው ነበር። አራቱም ባዶ ነበሩ። ከበርሜሎቹ በስተምሥራቅ በአርባ እርምጃ ርቀት አንዲት ባለ አንድ ሞተር አነስተኛ አውሮፕላን ቆማ ነበር። ወደ ሜጋ የሚላክ ክትባት ልትወስድ መጥታ የምትመለስበት ነዳጅ አጥታ ነው። ነዳጁን የጫነው መኪና ቦሬ ላይ ጭቃ ይዞት አሥራ ዘጠኝ ቀን ዘገየ። ክትባቱን ያቀዘቅዝ የነበረው በረዶ በሁለተኛው ቀን ቀለጠ። ይህን ሁሉ ዛሬ በትክክል የምናውቀው ኢንጂነር ባስልዮስ ሙሉነህ በአሥራ አምስት ዓመታቸው በደብተር መዝግበው ስላቆዩልን ነው። የአሥራ ዘጠነኛው ቀን ገጽ ግርጌ ላይ አንድ ጥያቄ ተጽፏል፤ «አውሮፕላን ከነዳጅ ሌላ የሚበላው ነገር የለም ወይ?»

ኢንጂነር ባስልዮስ ከአባታቸው ከመምህር ሙሉነህ ደስታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሚቴ ኃይሌ ጥር 12 ቀን 1968 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በከተማው ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር፣ እናታቸው በጤና ጣቢያው የጤና ረዳት ነበሩ። ያ የተበላሸ ክትባት በእናታቸው እጅ የተቆጠረና በእናታቸው እጅ የተጣለ ነው። በቤቱ ውስጥ ስለ ጉዳዩ ብዙ አልተወራም። ልጃቸው ግን ከዚያ ወዲህ የሚሠራ ነገር ሁሉ ምን በልቶ እንደሚሠራ መጠየቅ እንዳልተዉ ወይዘሮ ማሚቴ ይናገራሉ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በነገሌ ቦረና አጠናቀው በ1987 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1991 ዓ.ም. በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመረቁ። ተመድበው የተመለሱት ወደ ቆላው ነው። ከ1992 እስከ 2000 ዓ.ም. ከነገሌ እስከ ሜጋ ባሉ ከተሞች የውሃ ጉድጓድ ፓምፖችን ሲተክሉና ሲጠግኑ ቆዩ። በናፍጣ የሚሠሩ አሥራ አንድ ፓምፖችን በፀሐይ ኃይል ወደሚሠሩ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ቀይረዋል። ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኙ ዛሬም ውሃ ያወጣሉ። የተቀሩት ሁለቱ ለምን እንደቆሙ በስድስት ገጽ ጽፈው አስቀምጠዋል።

በ1995 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሉሲ በላቸው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው በ1997 ዓ.ም. ልጃቸውን ረሆቦትን ወለዱ። ወይዘሮ ሉሲ በትዳራቸው የመጀመሪያ ዓመት ቤት ውስጥ ያሉ የግድግዳ ሰዓቶች ሁሉ በሰከንድ ሳይቀር እኩል መሆናቸውን አስተውለው «እኔ ያገባሁት መሐንዲስ ነው ወይስ ደወል ደዋይ?» ብለው መቀለዳቸው በቤተሰቡ ዘንድ ይታወቃል። ይህን ቀልድ እዚህ ላይ የጠቀስነው በኋላ ከሚመጣው ነገር የተነሳ ነው።

ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በ2003 ዓ.ም. ከያዙ በኋላ የሰብል መድኃኒት በአውሮፕላን በሚረጭ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ በጥገና ኃላፊነት ተቀጠሩ። የነገሌው ነጋዴ የአቶ ዓብዱሰመድ ልጅ ካፒቴን ሉብና የድርጅቱ አብራሪ ነበሩ፤ የሥራ ባልደረባነታቸው የተጀመረውም እዚያ ነው። በ2009 ዓ.ም. ድርጅቱ ሞተሯ የተቃጠለባትን አንዲት ባለ ሁለት መቀመጫ ቀላል አውሮፕላን ሲያስወግድ ኢንጂነር ባስልዮስ ጠይቀው ወሰዱ። ክንፎቿ ረጃጅም ነበሩ፤ ሞተር ቢጠፋ እንኳ ተንሳፍፋ ማረፍ ትችላለች። አውሮፕላን በኤሌክትሪክ የማብረር ፈተናቸው በዚህች እንዲሆን የመረጡትም ለዚሁ ነው። ከሥራቸው ለቀው ወደ ነገሌ ተመለሱ።

ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት አውሮፕላኗ አልተነካችም። ኤሌክትሪክ ሞተሩና ፕሮፔለሩ ለብቻቸው በብረት መደብ ላይ ታስረው በግቢያቸው ተፈተኑ። የሚስበውን ኃይል የሚለካ መሣሪያ ስላልነበረ ከአቶ ዓብዱሰመድ የቁም ከብት ሚዛን ተውሰው በመደቡና በግቢው ባለ የዛፍ ግንድ መካከል አሰሩት። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ፣ ማለትም በ57 ኪሎዋት ሲዞር፣ ሚዛኑ 148 ኪሎ ግራም አሳየ። አቶ ዓብዱሰመድ ቁጥሩን አይተው «መካከለኛ ወይፈን ነዋ» አሉ። ያ ሞተር ከዚያን ቀን ጀምሮ በፈተና መዝገቡ ላይ «ወይፈን» በሚል ስም ተጠርቷል።

ኅዳር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. አውሮፕላኗ በካፒቴን ሉብና አብራሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት ተነሳች። ከፍታዋ አራት ሜትር፣ የቆየችው አሥራ አንድ ሰከንድ ነበር። ወይዘሮ ማሚቴ ከሜዳው ዳር ቆመው ሲመለከቱ ድምፅ ባለመስማታቸው ሞተሩ የተነሳ አልመሰላቸውም። አውሮፕላኗ አርፋ ከቆመች በኋላ «እህ፣ መቼ ነው የምትጀምሩት?» ብለው ጠየቁ። ልጃቸው ይህን በመዝገቡ «የድምፅ ልኬት» በሚለው መስመር ላይ ቃል በቃል ጽፈውታል።

በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ግልጽ መስፈርት አስቀመጠ። አውሮፕላኗ ሃያ ተከታታይ በረራዎችን የሞተር ኃይል ሳይቀንስባት መፈጸም ነበረባት፤ የመጨረሻው በረራ ከነገሌ ቦረና ወደ ሌላ ከተማ መሆን ነበረበት። ይህ እስከ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ካልተሟላ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ አውሮፕላኗም ከዚያ በኋላ አትበርም።

በረራዎቹ የሚደረጉት ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ ነበር። ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር በሚርቀው ሜዳ ላይ ባትሪው የሚሞላበት ኮንቴይነር ተተከለ። ሠራተኞቹ ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ተኩል ኮንቴይነሩን ቆልፈው ወደ ከተማ ይመለሳሉ። ባትሪ በሙቀት ሲሞላ ስለሚጎዳ ኢንጂነር ባስልዮስ ቻርጀሩ አየሩ በሚቀዘቅዝበት ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ሥራ እንዲጀምር በራሳቸው እጅ አስተካከሉት። በማግሥቱ ሲመጡ ባትሪው ሁልጊዜ ሞልቶ ይጠብቃቸዋል።

ከኅዳር ወር ጀምሮ ግን አውሮፕላኗ በተነሳች በሃያ ደቂቃ ውስጥ የሞተሩ ኃይል ከ57 ወደ 38 ኪሎዋት መውረድ ጀመረ። ካፒቴን ሉብና አራት ጊዜ በክንፍ ብቻ ተንሳፍፈው አረፉ። ኢንጂነሩ ሞተሩን ሦስት ጊዜ ፈተው ገጠሙት፤ እንከን አልተገኘበትም። የባትሪው የሙቀት መለኪያ በ11 ሰዓት ከ40 ላይ 46 ዲግሪ መዝግቦ ባዩ ጊዜ፣ ሊነጋጋ ሲል በነገሌ 46 ዲግሪ ሊኖር አይችልም ብለው መለኪያው ተበላሽቷል አሉና ቀየሩት። አዲሱም ያንኑ ሲመዘግብ እሱንም ቀየሩት። አሥራ አራት በረራዎችን በሚመለከቱ ሰባት ሪፖርቶች ላይ «መለኪያው አይታመንም» የሚል ቃል በፊርማቸው ወጣ፤ ጥፋቱ የመለኪያው ነው ስለተባለም መሥሪያ ቤቱ በረራዎቹን ከቆጠራው አላስወጣቸውም።

ሚያዝያ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. የሜዳው ጠባቂ፣ ሁላችን ኦቦ አረሮ የምንላቸው የቦረና አዛውንት፣ መቀመጫቸው ከኮንቴይነሩ አጠገብ እንዲነሳላቸው ጠየቁ። ኢንጂነር ባስልዮስ እንደ ልማዳቸው በኦሮምኛ «አካም ናጋ» ብለው ሰላምታ ሰጥተው ምክንያቱን ጠየቋቸው። ኦቦ አረሮ የመለሱትን ኢንጂነሩ የዚያኑ ዕለት ጽፈውታል፤ «አንቱ ሌሊት ይበላል ይላሉ። እኔ ሌሊት አጠገቡ ነኝ፤ ሌሊትማ እንደ ጥጃ ተኝቷል። የሚበላው ላሞቹ ወደ ኤላ ውሃ ሊጠጡ ሲወርዱ ነው። እስኪመለሱ ይጮኻል፣ ቀን እንቅልፍ ከለከለኝ እኮ።» ላሞቹ በስንት ሰዓት እንደሚወርዱ ሲጠየቁም «ሰዓት ያለዎት አንቱ ነዎት፤ እኔ ላም ነው ያለኝ» አሉ።

በማግሥቱ ኢንጂነር ባስልዮስ ወደ ከተማ አልተመለሱም። ከኦቦ አረሮ ጋር ተቀምጠው ጠበቁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ላሞቹ ወደ ኤላው፣ ወደ ውሃው ጉድጓድ፣ ሲወርዱ የቻርጀሩ ማራገቢያ መዞር ጀመረ። በቻርጀሩ መስኮት ላይ 9:00 ይል ነበር።

ቻርጀሩ የሚቆጥረው በውጭው ሰዓት ነበር። እሳቸው ዘጠኝ ብለው የሞሉት ግን በእኛ ሰዓት ነው። ለበረራ መዝገብ ሁልጊዜ የዓለም አቀፉን ሰዓት የሚጠቀሙና በዚህ አንድም ቀን ተሳስተው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ቻርጀሩ ግን መሬት ላይ የተቀመጠ ዕቃ ስለሆነ እንደ ቤታቸው የግድግዳ ሰዓት አዩት። ስለዚህ ባትሪው ለሰባት ወር ያህል የቆርቆሮው ኮንቴይነር በሚግልበት ሰዓት ሲሞላ ቆይቷል። ሊነጋጋ ሲል ነው ያሉት 11 ሰዓት ከ40ም ለቀትር ሃያ ደቂቃ የቀረው ሰዓት ነበር። ባትሪው ሲለካ መያዝ ከሚችለው 71 በመቶ ብቻ ቀርቶታል። የተጣሉትን ሁለት መለኪያዎች ከቆሻሻ ውስጥ አውጥተው በሚፈላ ውሃ ውስጥ ከተቷቸው፤ ሁለቱም 95 ዲግሪ አሳዩ። በነገሌ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ነው።

ሁለተኛ ያልተነካ ባትሪ በሳጥኑ ውስጥ ነበር። እሱን ገጥሞ፣ ሰዓቱን አስተካክሎ መቀጠል ይቻል ነበር። ካፒቴን ሉብናም ይህንኑ አሉ፤ «ጋሼ፣ እነዚያን ሰባት ሪፖርቶች አሁን ማን መልሶ ያነባቸዋል?» ኢንጂነር ባስልዮስ «እኔ» ብለው መለሱ። ሚያዝያ 13 ቀን ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት በጻፉት ደብዳቤ «ስህተቱ የሞተሩም የመለኪያውም አይደለም፣ የእኔ ነው። ሰባቱ ሪፖርቶች እንዲሰረዙ እጠይቃለሁ» አሉ። መሥሪያ ቤቱ ሪፖርቶቹን ከአሥራ አራቱ በረራዎች ጋር ሰረዘ፤ የጊዜ ገደቡን ግን አላራዘመም። ቆጠራው ከአንድ ተጀመረ።

ከዚያ በኋላ የፈተና መዝገቡ ሦስት የሰዓት ዓምድ ኖረው። የመጀመሪያው የእኛ ሰዓት፣ ሁለተኛው የውጭው ሰዓት ነው። ሦስተኛው «አረሮ» የሚል ርዕስ ያለው ሲሆን ከብቶቹ የት እንደነበሩ ይጻፍበታል። ኢንጂነሩ ይህን ለቀልድ አላደረጉትም፤ ሦስቱ ካልተስማሙ በረራ አልፈቀዱም።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ኢንጂነር ባስልዮስ የኩላሊት ሕመም እንዳለባቸው ታወቀ። የሕክምና ውጤታቸውንም እንደ ሌላው ነገር ሁሉ በየቀኑ ይመዘግቡ ነበር፤ ሐኪሞቻቸው የመዝገቡን ቅጂ እስከመጠየቅ ደርሰዋል። የክረምቱ ዝናብ፣ ቀጥሎም የጥቅምት ዝናብ በረራዎቹን አዘገየ። ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕመማቸው ጸንቶ ሀዋሳ ሆስፒታል ሲገቡ አሥራ ዘጠኝ በረራዎች ተጠናቀው ነበር። የቀረው አንድ፣ ከነገሌ ቦረና ወደ ክብረ መንግሥት የሚደረገው የ90 ኪሎ ሜትር በረራ ነበር። ገደቡ ሊያልቅ ሃያ አምስት ቀን ቀርቶ ነበር።

ታኅሣሥ 8 ቀን ጠዋት ካፒቴን ሉብና ከክብረ መንግሥት ስልክ ደወሉ። ወይዘሮ ሉሲ ስልኩን በባለቤታቸው ጆሮ አጠገብ ያዙላቸው። ኢንጂነር ባስልዮስ የሞተሩ ኃይል ቀንሶ እንደሆነ ጠየቁ፤ አልቀነሰም። ባትሪው ስንት እንደቀረው ጠየቁ፤ አሥራ ዘጠኝ በመቶ። ከዚያ መቼ እንዳረፈች ጠየቁና «አንድ ሰዓት ከሃምሳ አምስት» ሲባሉ «በማን ሰዓት?» አሉ። ካፒቴን ሉብና «በእኛ፣ ጋሼ። በውጭውም ጽፌዋለሁ» ብለው መለሱ። ኢንጂነሩ ቀጥለው «ላሞቹስ?» ሲሉ ጠየቁ። ከነገሌ ኦቦ አረሮ የላኩት መልእክት ተነገራቸው፤ ላሞቹ ገና ከበረት አልወጡም ነበር። «እንግዲያው ልክ ነው» አሉ፤ ስለ ሥራቸው የተናገሩት የመጨረሻው ቃል ይህ ነው።

ኢንጂነር ባስልዮስ ሙሉነህ ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ48 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ታኅሣሥ 14 ቀን በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸው ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ይፈጸማል፤ በውጭው ሰዓት ሦስት ሰዓት ነው። እናታቸውን ወይዘሮ ማሚቴን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሉሲንና ልጃቸውን ረሆቦትን ትተው ሄደዋል። አባታቸው መምህር ሙሉነህ በ2006 ዓ.ም. ቀድመዋቸዋል። በሕመማቸው ወቅት ከጎናቸው ላልተለዩ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ስህተታቸውን ሳይደብቁ የኖሩትን የእኚህን ሰው ነፍስ፣ ጥቂቱንም ብዙውንም የሚያውቅ አምላክ በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን።

ሃያኛውን በረራ ያጸደቀው የፈቃድ ቅጽ የተፈረመው ታኅሣሥ 12 ቀን ነው። ቅጹ የተዘጋጀው ለሌሎች አውሮፕላኖች በመሆኑ «የተቃጠለ ነዳጅ በሊትር» የሚል መስመር አለው፤ ባዶ መተው ስለማይፈቀድ በቁጥር ተሞልቷል፤ ርቀት 90 ኪሎ ሜትር፣ ጊዜ 49 ደቂቃ፣ ነዳጅ 0።